ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር



በቋንቋችን ፈላጊ ያጣ ደም ስም አለው። ሰው ሞቶ ጠያቂ ሳይነሣለት ሲቀር «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን። ከልብ በግእዝ ውሻ ነው። የውሻን ደም ማንም ስለማይጠይቅ፣ ያልተጠየቀ ደም ሁሉ የውሻ ደም ተባለ። ይህን አባባል ስሰማ ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በዱር የፈሰሰን ደም ፈልጎ በማግኘት ከሰው እጅግ የሚበልጠው ያው ደሙ የማይጠየቀው ውሻ ነው። ዛሬ የምናገረው ቆስሎ ስላመለጠ የዱር እንስሳ፣ ፈለጉን ስለሚከተል ውሻና ስላቆሰለው ሰው ግዴታ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ድኩላ ሌሊት ከገደሉ ጫካ ወጥቶ ባቄላ ማሳ ውስጥ ገባ። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤታችን ደረሰበትና ጦር ወረወረ። ጎኑን አገኘው፤ ድኩላው ግን ጦሩን አራግፎ ቁልቁል ወረደ። ትልልቆቹ ሰዎች ተከተሉት፤ እኛ ልጆችም ከኋላ ሮጥን። አመዳዩ ላይ የወደቀው ደም እስከ ጅረቱ ድረስ ይታይ ነበር። ከጅረቱ ማዶ ግን ፀሐይ አመዳዩን አቅልጣው ምልክቱ ሁሉ ጠፋ። እዚህና እዚያ ተዟዙረን፣ ቁጥቋጦውን በዱላ ደብድበን ተመለስን። በአምስተኛው ቀን አሞራ ሲያንዣብብ ታየ። ድኩላው የተገኘው እኛ ቆመን ከተመለስንበት ድንጋይ ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሥር ነበር። ሥጋው ለማንም አልሆነም፤ በክት ነው። ስንት ቀን እንደቆየ፣ ስንት ሌሊት በውርጭ እንደተሠቃየ ፈጣሪ ይወቀው። ያን ቀን ውሻችን ደጃፍ ላይ ተኝታ ነበር። ይዘናት እንውጣ ያለ አልነበረም። ውሻ ማለት ለእኛ ጅብ ሲመጣ የሚጮኽ ዘበኛ ብቻ ነበር።

ያ ድኩላ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የልጆቹን ጉርሻ ነው የጠበቀው። እኛም ሰነፎች አልነበርንም፤ ዓይናችን እስከሚችለው ድረስ ሄደናል። ችግሩ ደሙ ከዓይናችን አቅም በላይ መራቁ ነው።

አስቀድሜ ስሞችን ላጥራ። በመዝሙረ ዳዊት ውኃ የሚናፍቀውን እንስሳ «ዋላ» እንለዋለን። በሌላው ዓለም የቆሰለ እንስሳ ፍለጋ ሲነሣ በብዛት የሚወራው ስለዚህ ዋላና ስለ ዘመዶቹ ነው። የዋላ ወገን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ መልሶም ያበቅላል። ይህ ወገን በአገራችን ፈጽሞ የለም። በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዝያ ደኖች ብቻ ነው። እኛ አጋዘን የምንለው የቆላው ትልቅ እንስሳም ሆነ የባሌና የአርሲ ተራሮች ብርቅ የሆነው የደጋ አጋዘን፣ ቀንዳቸው ዕድሜ ልክ አብሯቸው የሚኖር የሌላ ወገን ፍጥረታት ናቸው።

የእኛዎቹ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ናቸው። የወሎዋ ከተማችን መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ። ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 3,700 ሜትር ይወጣል፤ ከሥር ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ ጫፉ ላይ ጓሳና ጅብራ። ይህ ደን በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ኋላም ወሰኑ ሰፍቶ የወረሂመኖን ስም ጨመረ። በውስጡ ጭላዳና ነብር፣ ጉሬዛና ጅብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ።

ድኩላችንን እወቁት። በ1902 እ.ኤ.አ. ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሰየመው፣ ወንዱ ወደ ጥቁርነት የሚያደላው የደጋ ድኩላ ነው። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ሲቆስል ሜዳ ለሜዳ አይሮጥም፤ ጥሻ ፈልጎ ይገባና ድምፁን አጥፍቶ ይተኛል። ሰው ሁለት ክንድ ያህል ቀርቦት ሊያልፍ ይችላል። የደረሰበትን ደግሞ በቀንዱ ይወጋል፤ የቆሰለ ድኩላ ለሰውም ለውሻም አደገኛ መሆኑን አዳኞች ሁሉ ያውቃሉ። ሰስም ሌላ ፈተና ነው። በሰኮናው ጫፍ ዓለት ለዓለት ስለሚሄድ ዱካ አይተውም። ለዓይን ከሆነ የሰስ መንገድ የለም፤ ለአፍንጫ ግን አለ።

አሁን ወደ አፍንጫው እንምጣ። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚቀበሉት ሕዋሳት ወደ ስድስት ሚሊዮን ይገመታሉ፤ በውሻ አፍንጫ ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ። በዚህም ምክንያት ውሻ የሚከተለው ደም ብቻ አይደለም። ደሙ ቢያልቅም የተረገጠው ሣር ሽታ፣ የተገለበጠው አፈር ሽታ፣ ከእንስሳው ገላ የረገፈው ፀጉርና ቆዳ፣ በብዙ የዋላ ዓይነቶችም በሰኮና መካከል ካለ ዕጢ የሚወጣው ጠረን ይመራዋል። የደነገጠና የታመመ እንስሳ ሽታው ከጤነኛው ይለያል። ስለዚህ የሰለጠነ ውሻ አሥር ጤነኞች ያቋረጡትን መንገድ አልፎ የአንዱን ቁስለኛ ፈለግ ይዞ ይሄዳል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሽታን ያቆያል፤ ደረቅ ሐሩር ያተነዋል፤ የነሐሴ ዶፍ ደግሞ ያጥበዋል። የእኛ ደጋ ጤዛና ጭጋግ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ሥራው ግን ውሻን ለቅቆ «ያዝ!» ማለት እንዳይመስላችሁ። በጀርመንና በጎረቤቶቿ አገሮች ለዘመናት የዳበረው ጥበብ መሠረቱ ገመድ ነው። ውሻው ሰፊ የአንገት ማሰሪያ ታስሮለት፣ አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠፍር ከያዡ ጋር ተያይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ በእርጋታ ይሄዳል። ያዡም ከኋላ ሆኖ ውሻውን ያነብባል። ጅራቱን፣ የአረማመዱን ፍጥነት፣ ሲጠራጠር የሚያሳየውን ምልክት ሁሉ ያውቃል። የጀርመን አዳኞች ውሻቸውን የሚፈትኑት እንዲህ ነው፦ ሩብ ሊትር ደም ብቻ በአንድ ሺህ ሜትር መንገድ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይረጫሉ። ከዚያ ቢያንስ 20 ሰዓት፣ ለከባዱ ፈተና 40 ሰዓት ይተዉታል። ሌሊት አልፎበት፣ ሌሎች እንስሳት አቋርጠውት፣ ውሻው ጫፉ ድረስ መድረስ አለበት። አንድ ብርጭቆ ደም በአንድ ኪሎ ሜትር፣ በማግሥቱ!

ሁለተኛው የጥበቡ መሠረት ትዕግሥት ነው። ተከታዩ ሰው መጀመሪያ ተንበርክኮ ደሙን ይመረምራል። የሳንባ ደም ደማቅ ነው፣ አረፋም አለው። የጉበት ደም ይጠቁራል። አንጀቱ የተመታ እንስሳ ደሙ ጥቂት ነው፤ የፈርስ ሽታ አለው። ሳንባው የተመታው ሩቅ አይሄድም። አንጀቱ የተመታውን ግን ወዲያው መከተል ትልቁ ስሕተት ነው። ተከታይ እንዳለው ካወቀ በስቃዩ ላይ እየተነሣ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል፤ ለብዙ ሰዓት ከተተወ ግን ቅርብ ቦታ ይተኛል። እኛ ያን ቀን የሠራነው ስሕተት ይኸው ነበር። ጩኸታችን፣ ሩጫችንና ዱላችን ድኩላውን ወደ ጥልቁ ጥሻ ነዳው።

በአንዳንድ አገር ይህ ከጥበብነት አልፎ ሕግ ሆኗል። በስዊድን ትልልቅ የዱር እንስሳትን የሚያድን ሰው፣ እንስሳ ቢቆስል የሰለጠነ ውሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ እንዲደርስ ማድረግ አለበት። በዚያው አገር በዓመት ከ60 ሺህ በላይ የዱር እንስሳት ከመኪና ጋር ይጋጫሉ። አሽከርካሪው ለፖሊስ ይደውላል፣ ቦታውን ምልክት ያደርጋል፤ በፈቃደኝነት የተመዘገቡ አዳኞችም ውሾቻቸውን ይዘው ቁስለኛውን ፍለጋ ይወጣሉ። በኖርዌይም አዳኝ ከመውጣቱ በፊት የተፈተነ ውሻ ማዘጋጀት ግዴታው ነው። በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዋላን በውሻ መከተል በሕግ የተከለከለ ነበር። ጆን ዣነኒ የተባሉ የታሪክ መምህር በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ልዩ የሙከራ ፈቃድ ጠይቀው፣ እግረ አጭር በሆኑ ትንንሽ ውሾች በጠፍር እየተመሩ የቆሰሉ ዋላዎችን መፈለግ ጀመሩ። ሥራቸው ታይቶ ሕጉ ተለወጠ። ልብ በሉ፤ ሰውዬው ሕጉን አልጣሱም። ፈቃድ ጠይቀው፣ ሠርተው አሳይተው፣ ከዚያ ነው ሕጉን ያስለወጡት።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። የጠፋን መከተል ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከብቱ የተሰረቀበት ገበሬ ኮቴ ለኮቴ እየተከተለ ስንት ቀበሌ ያቋርጣል! በጥንት ዘመን ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ወይም አጭሰው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው ተበደለ! ኋላ መንግሥት ከለከለው። ሌባ ሻይን ከውሻ የሚለየው ፈተናው ነው። ብላቴናውን ማንም ፈትኖት አያውቅም። ውሻው ግን ጫፉ በሚታወቅ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ይፈተናል። ከሳተ ይታወቃል፤ ካልሳተ ይታመናል።

በዘመናችንም ኢትዮጵያውያን ውሻን ለከባድ ሥራ አሠልጥነዋል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፈንጂ ማስወገጃ ጽሕፈት ቤት፣ በኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ ድርጅት ድጋፍ፣ ፈንጂ አነፍናፊ ውሾችን አሠማርቶ ነበር። አፈር ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ የሚያሸት ውሻና ከጎኑ ሕይወቱን በውሻው አፍንጫ ላይ ጥሎ የሚራመድ የአገራችን ልጅ፣ ከዚህ የበለጠ መተማመን ከየት ይመጣል? በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ከአፍሪካ የዱር እንስሳት ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ የዝሆን ጥርስና ሌላ ሕገ ወጥ የዱር እንስሳት ውጤት የሚያነፈንፉ ውሾችን ሥራ ላይ አውሏል። የሞተውን ዝሆን ጥርስ ሻንጣ ውስጥ የሚያገኝ ውሻ ካለን፣ ገና ያልሞተውን ድኩላ ጥሻ ውስጥ የሚያገኝ ውሻ ማሠልጠን አያቅተንም።

እዚህ ላይ ሕጉን ግልጽ ላድርግ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። በአገራችን ሕጋዊ አደን የሚካሄደው በፈቃድና በክፍያ፣ እንደ ሙነሳና እንደ ኦዶቡሉ ባሉ ለዚሁ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ነው። በዚያ አንድ የደጋ አጋዘን ቆስሎ ከጠፋ ከቀሩት ጥቂት ሺዎች አንዱ ነው የጠፋው። ስለዚህ የሰለጠነ ፈለግ ተከታይ ውሻ መጀመሪያ ሊኖር የሚገባው በእነዚህ የአደን ቀበሌዎች ነበር እላለሁ። በእኛ በወሎ ቦረና ግን አደን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ታዲያ በእኛ አገር ድኩላን የሚያቆስለው ማን ነው?

አሽክላ ነው። ለጅግራና ለሚዳቋ ተብሎ የተጠመደ ገመድና ሽቦ፣ ድኩላ ሲገባበት እግሩን ይዞ ይቆርጠዋል። አንዳንዱ ሽቦውን በጥሶ፣ ሽቦው ሥጋው ውስጥ እንደተቀበረ ይሄዳል። ማሳ የሚጠብቅ ሰው የሚወረውረው ድንጋይና ጦር ነው። መኪና ነው። አራተኛው ደግሞ ለመናገር የሚከብደኝ ነው፤ ውሻችን ራሱ ነው። ከእረኛ ጋር ወደ ጓሳው የሚወጣ፣ ሌሊትም ልጓም አጥቶ የሚያድር ውሻ የሚዳቋ ግልገል ያሳድዳል፣ የሰስ እናት ይነክሳል። ደም ፈልጎ ለማግኘት የተሰጠው አፍንጫ እዚህ ደም ለማፍሰስ ይውላል።

ከንክሻው የሚብሰው ደግሞ በምራቁ የሚመጣው ነው። የዓለም ቀይ ቀበሮ ሁሉ ተቆጥሮ አዋቂው 500 ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩ በባሌ ይኖራል፤ የቀረው በሰሜን ተራሮችና በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአቡነ ዮሴፍ፣ በእኛም ተራራ በጥቂት በጥቂቱ ተበታትኗል። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል። በባሌ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ተመላልሶ ፈጅቷቸዋል። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከግማሽ በላዩ አለቀ። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም በ2006፣ በ2010 እና በ2015 እ.ኤ.አ. መትቷቸዋል። በባሌ የተረፉት ብዙ ስለነበሩ ዘራቸው አገገመ። የእኛዎቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ መንጎች ናቸው። እዚህ አንድ ያበደ ውሻ በአንድ ወቅት ሊጨርሳቸው ይችላል።

በሽታው ቀበሮውን ብቻ አይነካም። ኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ልጆች አሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ ሌላው ቢረሳችሁ ይህን ያዙ። ልጃችሁን ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከመቶ ሰባው ውሻ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ እንደሚያጣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተምራል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የደጋ ውሾችን በየዓመቱ በሺዎች ይከትባል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በባሌ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ጀምሯል።

እንግዲህ ውሻ በአንድ በኩል የቁስለኛው ተስፋ ነው፤ በሌላ በኩል አቁሳዩ። ሁለቱን የሚለየው የእኛ እጅ ነው። በጠፍር የተያዘ፣ የተከተበና የሰለጠነ ውሻ ደምን ከደመ ከልብነት ያወጣል። የተለቀቀ፣ ያልተከተበና የተራበ ውሻ ግን ደም ያፈስሳል።

ውሻን እንደ ርኩስ ቆጥረን ነገሩን ከነጭራሹ የምንሸሽ አለን። አባቶቼ ሆይ፣ ፍቀዱልኝና ልናገር። ወሎ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበት አገር ነው፤ በሁለቱም በኩል ያለው ትምህርት ለቁስለኛው ያደላል። በወንጌል አልዓዛር ደጃፍ ላይ ቆስሎ በወደቀ ጊዜ ሰዎች ሲያልፉት ውሾች መጥተው ቁስሉን ላሱለት። በየቤታችን በሚሰቀለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ ጻድቁ የቆሙት በአንበሶችና በነብሮች መካከል ነው። በእስልምናም መንጋ ለመጠበቅ፣ አዝመራ ለመጠበቅና ለአደን የሚያዝ ውሻ እንደተፈቀደ፣ የተማረ ውሻ የያዘውን በተመለከተም በቁርኣን በማኢዳ ምዕራፍ ድንጋጌ እንዳለ ሼኾቻችን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ተወርውሮበት ቆስሎ የጠፋ፣ በማግሥቱም የተገኘ እንስሳ ጉዳይ ከነቢዩ ሐዲሶች መካከል ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። የቆሰለን እንስሳ መከተል እንደ ጉዳይ የተቆጠረው እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ነው።

«ውሻ ካሠለጠናችሁ ሌባ አዳኝ ይጠቀምበታል» የሚል ሥጋት ሰምቻለሁ። ሥጋቱ እውነት አለው፤ ስለዚህም አሠራሩ ጥብቅ መሆን አለበት። ፈለግ ተከታዩ ውሻ በግለሰብ እጅ አይሁን፤ የፓርኩ ይሁን። ከጠፍር አይለቀቅ። እያንዳንዱ ፍለጋ መቼ ተጀመረ፣ ከየት ተነሣ፣ የት አለቀ፣ ምን ተገኘ ተብሎ ይመዝገብ። የተገኘው እንስሳ ቁስሉ የሚድን ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሽቦውን ቆርጦ ይልቀቀው፤ የማይድን ከሆነ ሥልጣን ያለው ሰው ስቃዩን ያሳጥርለት። ሥጋው ለማንም አይሰጥ፤ ለጥንብ አንሳና ለጅብ ይተው። ከቁስለኛው ማንም ካልተጠቀመ ማንም አያቆስልም።

«ለሰው ያልተረፈ ገንዘብ ለድኩላ?» ለሚሉም መልስ አለኝ። ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ የምትማሩ ወጣቶች አላችሁ። ለበዓል ከሚታረደው በግ አንድ ብርጭቆ ደም ውሰዱ፤ በአንድ ሺህ ሜትር መንገድ ላይ ጠብ አድርጉት፤ በማግሥቱ ጠዋት ከሰፈራችን ውሾች መካከል የተከተበውንና ረጋ ያለውን በገመድ ይዛችሁ ሞክሩ። ጫፉ ላይ ቁራጭ ሥጋ ይጠብቀው። የቱ ይከተላል? የቱ ይስታል? ከስንት ሰዓት በኋላ? ጻፉት። አንድም የዱር እንስሳ ሳይነካ የደጋችን ውሻ ምን እንደሚችል እናውቃለን። ውሻው ተሳክቶለት ከወጣ ጥቅሙ ለገበሬውም ይተርፋል፤ ነብር ያቆሰለውን ጥጃና ጅብ ያባረረውን በግም ያው አፍንጫ ያገኘዋል።

ከፓርኩ ኃላፊዎች የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ስካውቶቻችሁ በየወቅቱ አሽክላ እየለቀሙ ያስወግዱ። ሁለት ወይም ሦስት ውሾችን ከያዦቻቸው ጋር ለማሠልጠን ፈንጂና የዝሆን ጥርስ አነፍናፊ ውሾችን ያሠለጠኑ ባለሙያዎችን ጥሩ። የቆሰለ እንስሳ ያየ ገበሬ ሳይፈራና ሳይጠረጠር የሚናገርበትን መንገድ ክፈቱ። ጎረቤታችን ያን ቀን የሚነግረው ሰው ቢኖረው ኖሮ ይናገር ነበር። እንደ ወንጀለኛ እንዳይቆጠር ፈርቶ ዝም አለ፤ ድኩላውም በዝምታ ሞተ።

ከእናንተ ከገበሬዎች የምጠይቀው ከዚህ ይቀላል። ውሻችሁን አስከትቡ። ሌሊት እሰሩ። ወደ ጓሳው ስትወጡ ቤት ተዉት። ማሳችሁ ዳር አሽክላ ካለ ዛሬውኑ ንቀሉ። እንስሳ ቆስሎ ካያችሁ አትሩጡበት፣ አትጩኹበት። ደሙ የወደቀበት ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ትከሉ፣ የሄደበትን አቅጣጫ ልብ በሉ፣ ከዚያ ሄዳችሁ ተናገሩ። ያቺ ቅርንጫፍ ለሚመጣው ውሻ የመጀመሪያ ፊደል ናት።

አባቶቻችን «ደም ይጮኻል» ብለው ያስተማሩን ስለ ሰው ደም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ከጥቅምት ጠዋት ወዲህ ከጅረቱ ማዶ የቀረው የድኩላ ደም ሲጮኽ ይሰማኛል። ያቆሰለ እጅ እስከ መጨረሻው የመከተል ዕዳ አለበት፤ ዓይኑ ካልቻለ የሚችለውን አፍንጫ ይጥራ። በዚህ ተራራ ላይ ከእንግዲህ የሚፈስ ደም ጠያቂ ይኑረው፤ ደመ ከልብ ሆኖ አይቅር።